ስንት ጊዜ ይፈጃል? ከጨረቃ እስከ ቅርቧ ኮከብ፦ ስለ ጠፈር ጉዞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ደሴና ኮምቦልቻ ፊዚክስ ለሚማሩ፣ ለሚያስተምሩና ነገሩ ለሚያጓጓቸው ሁሉ የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ ከአካባቢያችን መንገድ ተወስደዋል፤ ቁጥሮቹ ግን የጠፈሩ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። ጠያቂው ሁሉ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብሎ ይጀምራል። ይህ ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀሪው ግማሽ «ደርሶ ለማለፍ ነው ወይስ ለመቆም?» የሚለው ነው። ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻን ሰንጥቆ የሚያልፍ መኪናና ኮምቦልቻ መናኸሪያ ገብቶ የሚቆም መኪና የሚፈጅባቸው ጊዜ ያው ነው፤ ፍሬን መርገጥ ነዳጅ አይጠይቅም። በጠፈር ግን የሚያዝ አስፋልት የለም። ለመነሳት ነዳጅ እንደተቃጠለ ሁሉ ለመቆምም ይቃጠላል። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው እዚሁ ነጥብ ላይ ይመጣሉ።

እሺ፣ ቁጥሩን ንገሩን። የት ለመድረስ ስንት ጊዜ?

ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪ.ሜ. ትርቃለች። አፖሎ 11 በጁላይ 16፣ 1969 ተነስቶ የጨረቃን ምህዋር የያዘው ከ3 ቀን በኋላ ነው። ወደ ፕሉቶ የተላከችው ኒው ሆራይዘንስ የጨረቃን ርቀት በ9 ሰዓት ገደማ አልፋዋለች፤ መቆም አላሰበችምና። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2003 የላካት ስማርት 1 ደግሞ በደካማ የኤሌክትሪክ ሞተር ቀስ እያለች 13 ወር ተኩል ፈጀባት። መንገዱ አንድ ነው፤ ጊዜው ግን ከ9 ሰዓት እስከ 13 ወር ተኩል ይደርሳል። «ጨረቃ ለመድረስ ስንት ቀን?» ለሚለው አንድ መልስ የማይገኘው ለዚህ ነው።

ማርስ፦ የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦቶች ኪዩሪዮሲቲ 254 ቀን፣ ፐርሰቪራንስ 203 ቀን። ጁፒተር፦ ቮዬጀር 1 በ18 ወር ደርሶ አለፈ፤ እዚያው ሊቀር የሄደው ጁኖ ግን 5 ዓመት ገደማ ፈጀበት (ከኦገስት 2011 እስከ ጁላይ 2016)። ሳተርን፦ ካሲኒ 6 ዓመት ከ8 ወር ተኩል። ፕሉቶ፦ ኒው ሆራይዘንስ 9 ዓመት ተኩል፣ ያውም ለማለፍ ብቻ።

በሰዓት 60 ኪ.ሜ. በሚሄድ አውቶቡስ ጨረቃ 267 ቀን፣ ማርስ በጣም በቀረበችበት ወቅት እንኳ ከ100 ዓመት በላይ ይሆናል። ተሳፋሪው መንገድ ላይ ያረጃል።

ርቀቱን ለፍጥነቱ ማካፈል አይበቃም?

አይበቃም። ስህተቱ የሚጀምረው መንገዱን ቀጥ ያለ መስመር አድርጎ ከማሰብ ነው። ምድር ፀሐይን በሴኮንድ 30 ኪ.ሜ. ገደማ ትዞራለች፤ መንኮራኩሯም ከምድር ስትለቅ ያንን ፍጥነት ይዛ ነው። ስለዚህ ወደ ማርስ «አትወረወርም»፤ ፀሐይን የምትዞርበት ምህዋር ሰፋ ይደረግና ጫፉ የማርስን ምህዋር እንዲነካ ይደረጋል። ትንሹን ነዳጅ የሚጠይቀው ይህ ግማሽ ሞላላ መንገድ በጀርመናዊው ቫልተር ሆማን ስም ይጠራል፤ በ1925 ያሳተመው ነው።

ጊዜውን በስልክ ካልኩሌተር ማውጣት ይቻላል። የምድርን ከፀሐይ ርቀት 1 እንበለው፤ የማርስ 1.524 ይሆናል። አማካያቸው 1.262 ነው። 1.262 × 1.262 × 1.262 አባዙ፤ 2.01 ይመጣል። ካሬ ሥሩ 1.418 ነው፤ ይህ የሙሉው ሞላላ ዙር በዓመት ነው። የምንሄደው ግማሹን ስለሆነ ለ2 ሲካፈል 0.709 ዓመት፣ ማለትም 259 ቀን። ያው የምህዋርን ስፋትና የዙሩን ጊዜ የሚያገናኘው የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ነው።

በዚሁ መንገድ ለጁፒተር (5.203) 2.7 ዓመት፣ ለሳተርን (9.58) 6.1 ዓመት፣ ለኔፕቱን (30.07) 30.6 ዓመት ይወጣል። ቮዬጀር 2 ግን ኔፕቱን ጋ በ12 ዓመት ደርሷል። እንዴት? ስለ ስበት እርዳታ በሚለው ጥያቄ ሥር ይመጣል።

ወደ ማርስ ለመሄድ ለምን 26 ወር ይጠበቃል?

ማርስ 687 ቀን በሚፈጅ ዙሯ ላይ ስለሆነች፣ መንኮራኩሯ በ259ኛው ቀን ጫፉ ላይ ስትደርስ ማርስም እዚያው መገኘት አለባት። በ259 ቀን ማርስ 136 ዲግሪ ትሄዳለች፤ መንኮራኩሯ 180። ስለዚህ በመነሻው ቀን ማርስ ከምድር 44 ዲግሪ ቀድማ መገኘት ይኖርባታል። ይህ አቀማመጥ የሚደገመው በ780 ቀን አንዴ ነው። በጁላይ 2020 የአሜሪካ፣ የቻይናና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንኮራኩሮች በአንድ ወር ውስጥ የተግተለተሉት ፉክክር ብቻ ይዟቸው አይደለም፤ በሩ ሊዘጋ ስለነበር ነው። መናኸሪያ ላይ ያመለጠው ሰው ቀጣዩን መኪና ይጠብቃል፤ እዚህ ቀጣዩ መኪና ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው።

መመለሻውም እንዲሁ ነው። በዚሁ መንገድ የሄደ ሰው ማርስ ላይ 455 ቀን ያህል መጠበቅ ይኖርበታል፤ ደርሶ መልሱ ተደምሮ ወደ 970 ቀን ይጠጋል።

ጠፈር ላይ አየር ከሌለ ሮኬቱ ምኑን ገፍቶ ይሄዳል?

የራሱን ነዳጅ። ጋዙን ወደ ኋላ ይወረውራል፤ ጋዙም እሱን ወደ ፊት ይገፋዋል። አየር ቢኖር እንዲያውም ያስቸግረዋል።

ነዳጁን ጨመር አድርጎ ቶሎ መድረስ ለምን አይቻልም?

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪ.ሜ. መንገድ ላይ አንድም ማደያ የለም እንበል። አይሱዙው የሚበቃውን ናፍጣ ሁሉ በጀሪካን ጭኖ ይውጣ። ጀሪካኑ ራሱ ጭነት ነው፤ እሱን ለመጎተት ሌላ ጀሪካን ያስፈልጋል፤ ለዚያኛውም ሌላ። ሮኬት ላይ ይህ ጣጣ በጣም ይከፋል። ቀመሩን ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በ1903 አሳትሞታል፤ ዛሬም አልተሻረም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚፈለገውን የፍጥነት ለውጥ ከሞተሩ ለሚወጣው ጋዝ ፍጥነት አካፍሉ፤ ከዚያ 2.718ን በዚያ ቁጥር ልክ ኃይል አንሡ። የሚመጣው ቁጥር ሲነሳ የነበረው ክብደት በመጨረሻ ከሚቀረው ስንት እጥፍ እንደሆነ ይናገራል።

20 ቶን ወደ ማርስ እንላክ። ከምድር ዝቅተኛ ምህዋር ለመውጣት በሴኮንድ 3.6 ኪ.ሜ.፣ ማርስ ጋ ደርሶ ዝቅተኛ ምህዋር ለመግባት 2.1 ኪ.ሜ. ያስፈልጋል፤ ድምሩ 5.7። የሚቴን ሞተር ጋዙን በ3.6 ኪ.ሜ. በሴኮንድ ያወጣል፦ 5.7 ለ3.6 ሲካፈል 1.58፤ ኃይል ሲነሳ 4.87 እጥፍ። ለ20 ቶን 77 ቶን ነዳጅና ኦክስጅን ማለት ነው። በሃይድሮጂን (4.4 ኪ.ሜ. በሴኮንድ) 3.65 እጥፍ፣ ማለትም 53 ቶን። የታንኩና የሞተሩ ክብደት እዚህ አልገባም፤ ሲገባ ይብሳል።

አሁን «ቶሎ እንድረስ» ብለን የፍጥነት ለውጡን በእጥፍ እናሳድገው፤ 11.4 ይሁን። የሚቴኑ ነዳጅ እጥፍ አይሆንም፤ ከ77 ቶን ወደ 454 ቶን ይዘላል። ስድስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ጨመር ማድረግ የማይቻለው በዚህ ነው።

ታዲያ ደርሶ የሚቆመው በምንድን ነው?

ሦስት መንገድ አለ፦ ሞተር ወደ ፊት አዙሮ መተኮስ፣ አየር ካለ በአየሩ መታሸት፣ ወይም አለመቆም።

በአየር መታሸት ትልቁ ገላጋይ ነው። ከሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ከባድ መኪና አጠገብ የቆመ ሰው የፍሬኑን ሽታ ያውቀዋል፤ ፍጥነቱ ወዴትም አልሄደም፣ ሙቀት ሆኗል። ጎበዝ ሹፌር በከባድ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸ የሚወርደው ያ ሙቀት ፍሬኑ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ነው። ፐርሰቪራንስ በፌብሩዋሪ 2021 የማርስን አየር በሰዓት 19,500 ኪ.ሜ. ሲገባ ሙቀቱን የተሸከመው የፊት መከላከያው ነበር፤ ከዚያ 21.5 ሜትር ስፋት ያለው ፓራሹት ተዘረጋ፤ ሁሉም በ7 ደቂቃ አለቀ። የማርስ አየር ግን ከምድሩ 1 በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ፓራሹቱ ብቻውን አያቆምም፤ መጨረሻው ላይ ሮኬት የግድ ነው።

ቀስ ያለውም መንገድ አለ። ማርስ ሪኮነሳንስ ኦርቢተር በ2006 መጀመሪያ 35 ሰዓት የሚፈጅ ረጅም ምህዋር ያዘ፤ ከዚያ ለ5 ወር ያህል በየዙሩ የአየሩን ጫፍ እየላሰ ወደ 2 ሰዓት ገደማ አሳጠረው። ያተረፈው ነዳጅ የመንኮራኩሩን ክብደት በመቶዎች ኪሎ ቀንሶለታል።

መቆም ሲከሽፍ ምን ይሆናል? የጃፓኗ አካትሱኪ በዲሴምበር 2010 ቬነስ ጋ ደርሳ ሞተሯን ለ12 ደቂቃ ማስነሳት ነበረባት። ነዳጁን የሚገፋው የሂሊየም መስመር ላይ ያለ ቫልቭ ውስጥ ጨው ተጋገረ፤ ነዳጁ አነሰ፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ጋለ፤ አፉ ተሰበረ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ሠርቶ ቆመ። መንኮራኩሯ ቬነስን አልፋ ሄደች፤ ፀሐይን ስትዞር 5 ዓመት ቆይታ በዲሴምበር 2015 አቅጣጫ ለማስተካከል በተሠሩት አራት ትንንሽ ሞተሮች ለ20 ደቂቃ ተገፍታ ምህዋሩን ያዘች። ከቫልቭ ላይ የተቀመጠ ጨው አምስት ዓመት ወሰደ።

ፕሉቶ ላይ ለመቆም ቢፈለግስ ኖሮ? ኒው ሆራይዘንስ 478 ኪሎ ነበረች፤ ፕሉቶን ያለፈችው በሴኮንድ 14 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ለዓመታት በታንክ መቀመጥ በሚችል ነዳጅ (3.1 ኪ.ሜ. በሴኮንድ) ስሌቱ 91 እጥፍ ይመጣል፦ 43 ቶን። ያንን ሁሉ ወደ ፕሉቶ የሚወረውር ሮኬት የለም። ያለፈችው ለዚህ ነው።

ነዳጅ ሳይቃጠል ፍጥነት የሚገኝበት «የስበት እርዳታ» ምንድን ነው?

መንኮራኩሯ ከፕላኔት ኋላ ቀርባ ስታልፍ ፕላኔቷ በስበቷ ጎትታ ከራሷ ፍጥነት ታካፍላታለች። ፕላኔቷ የምታጣው ሊለካ የማይችል ኢምንት ነው። ካሲኒ ቬነስን ሁለት ጊዜ፣ ምድርን አንድ ጊዜ፣ ጁፒተርን አንድ ጊዜ እየታከከች ነው ሳተርን የደረሰች። ቮዬጀር 2 ጁፒተርን፣ ሳተርንንና ዩራነስን ተራ በተራ ተጠቅማ የ30 ዓመቱን መንገድ በ12 ጨረሰች፤ ፕላኔቶቹ እንደዚያ የሚሰለፉት በ175 ዓመት አንዴ ገደማ ነው።

ለመቀነስም ያገለግላል። ፓርከር የተባለችው የፀሐይ መንኮራኩር ቬነስን ሰባት ጊዜ የታከከችው ፍጥነቷን እየጣለች ወደ ፀሐይ ለመጠጋት ነው። በዲሴምበር 24፣ 2024 በሰዓት 692,000 ኪ.ሜ. ደረሰች። «በዚህ ፍጥነት ማርስ ስንት ቀን?» የሚል ጥያቄ በብዛት ይመጣል፤ ፍጥነቱ ግን ወደ ፀሐይ በመውደቅ የተገኘ ነው፤ ከፀሐይ ስትርቅ መልሶ ይከስማል። ድንጋይ ከጦሳ ላይ ሲወርድ ያገኘውን ፍጥነት ይዞ ሽቅብ ሌላ ተራራ አይወጣም።

አዮን ሞተር ነዳጅ ይቆጥባል ከተባለ ለምን ሁሉም በእሱ አይሄድም?

ደካማ ስለሆነ ነው፤ በጣም ደካማ። ዜኖን የተባለው ጋዝ አተሞች ኤሌክትሮን ተነጥቀው አዮን ይሆናሉ፤ ከዚያ ከአንድ ሺህ ቮልት በላይ በተሰጣቸው ሁለት ወንፊቶች መሐል ተስፈንጥረው በሴኮንድ 30 ኪ.ሜ. ያህል ይወጣሉ። ከሃይድሮጂን ሮኬት ሰባት እጥፍ ገደማ ማለት ነው፤ ነዳጅ የሚቆጥበው በዚህ ነው።

በ2007 የተነሳችው የናሳ መንኮራኩር ዶውን ላይ የነበረው ሞተር በሙሉ ኃይሉ 90 ሚሊኒውተን ይገፋል። ሁለት የፎቶ ኮፒ ወረቀት መዳፍ ላይ ብታስቀምጡ የሚሰማችሁ ክብደት ይህን ያህል ነው። ይህ 1,217 ኪሎ የምትመዝን መንኮራኩር ሲገፋ በቀን የሚጨምርላት ፍጥነት በሰዓት 23 ኪ.ሜ. ነው። የሐረጎን ዳገት ቀርቶ የአንድ በር ደፍ አያስወጣም። ግን አይቆምም፦ ዶውን በሥራ ዘመኗ ሞተሯን ተደማምሮ 5.9 ዓመት ያህል አስነስታለች፤ በ425 ኪሎ ዜኖን በሴኮንድ 11 ኪ.ሜ. ያለፈ የፍጥነት ለውጥ አግኝታለች። በዚህም በማርስና በጁፒተር መሐል ካሉት ትንንሽ አካላት አንዷ የሆነችው ቬስታ ምህዋር ላይ ቆማ፣ ከዚያ ተነስታ፣ በማርች 2015 ሌላኛዋ ሴሬስ ጋ ደግማ ቆመች። በተለመደው ነዳጅ ይህ አይታሰብም።

የሚበላሸው የት ነው? አዮኖቹ ወንፊቱን ራሱን እየጠረቡ ያሳሱታል። ኤሌክትሮን ወደ ውጭ የሚለቀው ክፍል (ያለ እሱ መንኮራኩሯ ቻርጅ ይጠራቀምባትና አዮኑ ተመልሶ ይመጣል) ያረጃል። የጃፓኗ ሃያቡሳ ስትመለስ ሞተሮቿ አንድ በአንድ ሲደክሙ መሐንዲሶቹ የአንደኛውን ሞተር አዮን አመንጪ ከሌላኛው ኤሌክትሮን ለቃቂ ጋር አገጣጥመው በ2010 ምድር አድርሰዋታል። ጋራዥ ውስጥ ከሁለት የሞተ ባጃጅ አንድ የሚሄድ ማውጣት የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል፤ ልዩነቱ እነሱ እጃቸውን ማስገባት አለመቻላቸው ነው።

ኤሌክትሪኩስ? ከፀሐይ ነው፤ ጁፒተር ጋ ግን የፀሐይ ብርሃን ከምድሩ 27 ጊዜ ያንሳል። ምድር አጠገብ 14 ኪሎዋት የሚያመነጩት የጁኖ ሰሌዳዎች እዚያ 500 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣሉ፤ ግማሽ ምጣድ እንኳ አያግልም።

ኒውክሌር ሮኬትስ?

ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው ያደባልቃቸዋል። አንደኛው ሬአክተር ኤሌክትሪክ አመንጭቶ አዮን ሞተር የሚያሽከረክርበት ነው። ሁለተኛው፣ ዝናው የበዛው፣ ሃይድሮጂን በጋለ ሬአክተር ውስጥ አልፎ በቀጥታ የሚወጣበት ነው። ምንም አይቃጠልም፤ ኦክስጅን አያስፈልግም። ጋዙ በ8.5 ኪ.ሜ. በሴኮንድ ገደማ ይወጣል። የማርሱን ስሌት እንድገመው፦ 5.7 ለ8.5፣ 1.95 እጥፍ፤ ለ20 ቶን 19 ቶን ብቻ።

ወረቀት ላይ ያምራል። ፈሳሽ ሃይድሮጂን ግን በአንድ ሜትር ኩብ 71 ኪሎ ብቻ ነው። 19 ቶኑ 268 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ 45,000 ሊትር የሚጭን ቦቴ ስድስት ያህል መሆኑ ነው። በሃይድሮጂንና ኦክስጅን የሚሠራው የተለመደ ሮኬት 53 ቶኑን በ150 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዘዋል። ክብደት ተረፈ፣ ታንክ ግን አበጠ። ያውም በ253 ዲግሪ ከዜሮ በታች ተይዞ፣ እንዳይተን እየተጠበቀ፣ ለወራት።

አሜሪካኖች ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1973 ኔቫዳ በረሃ ላይ ሬአክተሮቹን መሬት ላይ እያስነሱ ፈትነዋቸዋል። የጋለው ሃይድሮጂን ሬአክተሩ የተሠራበትን ግራፋይት (የካርቦን ዓይነት) ይበላዋል፤ በ1962ቱ አንድ ሙከራ ደግሞ ጋዙ የነዳጅ ዘንጎቹን አንቀጥቅጦ ሰባበራቸውና ስብርባሪው በአፉ ወጣ። በኋላ ተስተካክሎ ሠርቷል። ወደ ጠፈር ግን አንድም አልወጣም።

የፀሐይ ሸራ እውነት ይሠራል?

ይሠራል። የጃፓኑ ኢካሮስ በ2010 14 በ14 ሜትር የሆነ፣ ከፌስታል የሳሳ ሸራ ዘርግቶ ወደ ቬነስ ሄዷል። የብርሃኑ ግፊት 1 ሚሊኒውተን ገደማ ነበር፤ የሦስት የስንዴ ፍሬ ክብደት። ነዳጅ አይፈልግም፤ ከፀሐይ ሲርቁ ግን ግፊቱ ይሞታል። አስቸጋሪው ማብረሩ ሳይሆን ሳይቀደድ መዘርጋቱ ነው።

ደሴ ከፍታ ላይ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ከዚህ ማስወንጨፍ አያዋጣም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግማሹ ትክክል ነው። በ11 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ምድር ወደ ምሥራቅ በሴኮንድ 456 ሜትር ትሽከረከራለች፤ ካዛክስታን ያለው የባይኮኑር ማስወንጨፊያ 323 ሜትር ብቻ ያገኛል። ከፍታው ግን ብዙም አይጠቅምም፤ ምህዋር ለመያዝ የሚያስፈልገው መውጣት ሳይሆን ወደ ጎን በሴኮንድ 7.8 ኪ.ሜ. መብረር ነው።

የሚከለክለው ሌላ ነው። ባዶ የሆነው የመጀመሪያ ክፍል በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ይወድቃል፤ ከደሴ ምሥራቅ አፋር ነው፤ ሰውና ከብት ያለበት። ብዙ ማስወንጨፊያዎች በባሕር ዳርቻ የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ ጣሊያኖች በ1960ዎቹ ኬንያ ማሊንዲ አጠገብ የሠሩትማ ባሕሩ ውስጥ ነበር። ደግሞስ ከ40 ሜትር የሚረዝም የሮኬት አካል የሐረጎን መታጠፊያ እንዴት ብሎ ይዞራል?

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢትአርኤስኤስ 1 በዲሴምበር 20፣ 2019 የተወነጨፈችው ከቻይና ታይዩዋን ነው።

ሰው ሲሳፈር ምን ይለወጣል?

ሮቦት አይበላም። ለአንድ ሰው በቀን ከነማሸጊያው 1.8 ኪሎ ገደማ ምግብ ቢያዝ፣ ለ4 ሰው ለ970 ቀን 7 ቶን ይሆናል። ውሃው እየተጣራ ይመላለሳል፤ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ2023 98 በመቶውን መልሶ መጠቀም ችሏል።

ጨረሩ ይከፋል። ኪዩሪዮሲቲ በመንገድ ላይ የለካው በቀን 1.8 ሚሊሲቨርት ነው፤ በየቀኑ 18 ጊዜ ያህል የደረት ራጅ እንደ መነሳት። ፈጠን ባለ የ360 ቀን ደርሶ መልስ መንገድ ብቻ 660 ሚሊሲቨርት ይሆናል፤ ናሳ ለአንድ ጠፈርተኛ ለዕድሜ ዘመኑ የወሰነው ደግሞ 600 ነው። ፈጣን ሞተር የሚፈለገው ለምቾት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። ክብደት አልባነቱም አጥንትን በወር ከ1 በመቶ በላይ ያሳሳል።

ንግግርም አይቻልም፤ ድምፅ ከማርስ ለመድረስ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። «ሃሎ» ተብሎ «ሃሎ» እስኪመለስ ቡናው ሦስተኛው ላይ ይደርሳል።

ወደ ቅርቧ ኮከብስ?

እዚህ ጋ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ሽምብራ አስቀምጡ፤ ፀሐይ ናት። ምድር በዓይን የማትታይ ብናኝ ሆና ከሽምብራዋ አንድ ሜትር ላይ ትሆናለች። ጁፒተር 5 ሜትር፣ ኔፕቱን 30 ሜትር። ከ1977 ጀምሮ የምትበረው ቮዬጀር 1፣ የሰው ልጅ ከላካቸው ሁሉ የራቀችው፣ ገና 170 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከፒያሳ አልወጣችም።

ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.24 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። በዚህ ልኬት 268 ኪ.ሜ. ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ፣ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ ደብረ ብርሃን ላይ ታገኟታላችሁ። ቮዬጀር በዚህ መንገድ ላይ በዓመት 3.6 ሜትር ትራመዳለች፦ 75,000 ዓመት ገደማ። ወደዚያ አቅጣጫ አለመሄዷን ሳንቆጥር።

በተለመደው ነዳጅ የብርሃንን ፍጥነት አንድ አሥረኛ ለመድረስ ብንሞክር የጺዮልኮቭስኪ ቀመር ከ1 ቀጥሎ ከ2,900 በላይ ዜሮ ያለው እጥፍ ያወጣል። የሚታየው ዓለም በሙሉ ነዳጅ ቢሆን አይበቃም።

በፊውዥን ወይም በጨረር የተጠኑትስ ዕቅዶች?

የእንግሊዝ የፕላኔቶች ጉዞ ማኅበር ከ1973 እስከ 1978 ያጠናው ዳዳለስ 54,000 ቶን ነበር፤ 50,000 ቶኑ የፊውዥን (ቀላል አተሞችን አዋህዶ ኃይል የማመንጨት) ነዳጅ። የብርሃንን 12 በመቶ ይዞ በርናርድ የተባለችው ኮከብ ጋ በ50 ዓመት ገደማ ይደርሳል ተብሎ ተሰላ። ደርሶ ግን አይቆምም፤ ለመቆም ቢፈለግ የመነሻው ክብደት ከመጨረሻው የሚበልጥበት እጥፍ በራሱ ይባዛል። የሚያስፈልገው ሂሊየም 3 ደግሞ ከጁፒተር አየር እንዲጠለል ነበር የታሰበው።

በ2016 ይፋ የሆነው ስታርሾት ነዳጁን ከነአካቴው ቤት ይተወዋል፦ ግራም የሚመዝን መንኮራኩር ከነሸራው በ100 ጊጋዋት የሌዘር ጨረር ለደቂቃዎች ተገፍቶ የብርሃንን 20 በመቶ ይይዛል። ኃይሉ 19 የህዳሴ ግድብ በአንድ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ እንደማለት ነው። 21 ዓመት ይፈጃል፤ ምስሉ ሲላክ 4 ዓመት ከ3 ወር ይጨመራል። እዚያም ሲደርስ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት በ42 ደቂቃ የሚያቋርጥ ፍጥነት ላይ ስለሚሆን ኮከቧን የሚያይባት ጊዜ ሰዓታት ብቻ ነው። በመንገድ ላይ አንድ ሚሊዮንኛ ግራም የምትመዝን ብናኝ ብትመታው የ400 ግራም ቲኤንቲ ፍንዳታ ታህላለች።

ፀረ ቁስ? 1 ግራሙ ከ1 ግራም ቁስ ጋር ሲጠፋፋ 43 ኪሎቶን (የ43,000 ቶን ቲኤንቲ ያህል) ይለቃል። እስከ ዛሬ በዓለም የተመረተው ተጠራቅሞ ግን አንድ ሚሊዮንኛ ግራም እንኳ አይሞላም።

ለተጓዡ ጊዜ ያጥራል የሚባለውስ?

ያጥራል፤ ግን ብርሃንን ሲጠጉ ነው። በ20 በመቶ ላይ ከ21 ዓመቱ 5 ወር ገደማ ብቻ ይቀነሳል። መንኮራኩር በምድር ስበት ልክ ግማሹን መንገድ እየፈጠነ፣ ግማሹን እየቀነሰ ፕሮክሲማ ቢሄድ ምድር ላይ 5.9 ዓመት ሲያልፍ ለተጓዡ 3.5 ዓመት ይሆናል። እንዲህ የሚገፋ ሞተር ግን የለም።

ስሌቱን ራሳችን ስንሠራ የምንሳሳተው የት ነው?

በጣም የተለመደው የመለኪያ መደባለቅ ነው፤ የፍጥነት ለውጡ በኪሎ ሜትር፣ የጋዙ ፍጥነት በሜትር ሆኖ ይካፈላል። አይናቅ። በ1999 ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የጠፋው አንደኛው ሶፍትዌር ግፊቱን በፓውንድ ሲያወጣ ሌላኛው በኒውተን ስላነበበው ነው። በ4.45 እጥፍ ተሳሳቱ፤ ከማርስ 226 ኪ.ሜ. ከፍ ብሎ ማለፍ የነበረበት 57 ኪ.ሜ. ላይ ገባ።

ቀጥሎ የሞተር መግለጫ ላይ «450 ሴኮንድ» የሚል ሲገኝ የሚነድበት ጊዜ ይመስላል። አይደለም፤ በ9.8 ሲባዛ የጋዙን ፍጥነት በሜትር በሴኮንድ ይሰጣል፦ 4,410። የኬፕለሩ አቋራጭ ደግሞ የሚሠራው ፀሐይን ለሚዞር ምህዋር፣ ርቀቱም የምድር 1 ተብሎ ሲለካ ብቻ ነው፤ ለጨረቃ አይሆንም። በመጨረሻም ከምድር ምህዋር መውጫውን ብቻ ደምሮ የመቆሚያውን 2.1 የሚረሳ ብዙ ነው። ያ ተማሪ መንኮራኩሩን ማርስ አድርሶ አሳልፎታል።